የሠሪውና የተጫዋቹ እጅ፤ ስለ ሲንተሳይዘር ጥንተ ልደት

በአገራችን መሰንቆ የሚመታ ሰው ብዙውን ጊዜ መሰንቆውን የሚሠራውም እርሱ ራሱ ነው፤ እንጨቱን ይጠርባል፣ ቆዳውን ይወጥራል፣ የፈረሱን ጭራ መርጦ ያስራል፤ ከዚህም የተነሣ ቅኝቱ ቢላላ ወይም ቆዳው ቢቀደድ ሌላ ጠቢብ ፍለጋ አይሄድም። በአውሮጳ ግን የእጅ ጥበብ ወደ ፋብሪካ ከተሻገረ ወዲህ ይህ የሠሪና የተጫዋች አንድነት ፈርሶ፣ ፒያኖን የሚያህል ብዙ ሺህ ክፍል ያለው መሣሪያ በየቤቱ ሲገባ፣ ተጫዋቹ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡን ለመንካት የማይደፍር፣ ክሩ በላላ ቁጥርም ቃኚ የሚያስጠራ ሆኖ ቀረ። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድምፅን ከኤሌክትሪክ የሚያወጣው ሲንተሳይዘር ሲወለድ ግን፣ ምንም እንኳ መሣሪያው የዘመናዊነት የመጨረሻ ፍሬ ቢመስልም፣ የአዝማሪውን የጥንት ልማድ ባልታሰበ መንገድ መልሶ አመጣው። ከዚህ በታች የሚነገረውም የዚህ ልማድ መመለስ፣ ዳግመኛ መጥፋትና ዳግመኛ መነሣት ታሪክ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ ሥር ሌቭ ቴርሜን የተባለ የሩስያ ሊቅ በ1920 ገደማ በፔትሮግራድ የሠራው፣ በስሙም ቴሬሚን ተብሎ የተጠራው መሣሪያ ነው። ቴሬሚን ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ የሚለየው ሳይነካ በመናገሩ ነው፤ ተጫዋቹ በሁለት አንቴናዎች ፊት ቆሞ አንዱን እጁን ወደ ቆመው ዘንግ ሲያቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያርቅ ይወፍራል፤ ሌላውን እጁን ወደ ቀለበቱ ሲያወርድ ድምፁ ይከስማል፣ ሲያነሣ ይጐላል። አርሲኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1929 ይህን መሣሪያ ለየቤቱ ለመሸጥ ተነሥቶ 500 ያህል ብቻ ከሠራ በኋላ ተወው፤ ነጋዴ የተወውን ግን የሬዲዮ አፍቃሪዎች አነሡትና፣ ንድፉ አልፎ አልፎ በመጽሔት እየታተመ፣ ቴሬሚን በየቤቱ ጓዳ በእጅ መሠራቱን ቀጠለ።

ከእነዚህ አፍቃሪዎች አንዱ በኒው ዮርክ ከተማ በኩዊንስ ሠፈር ያደገው ሮበርት ሞግ ነበረ። እናቱ ፒያኖ እንዲማር አጥብቃ ስትይዘው፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የነበረው አባቱ ደግሞ በቤታቸው ምድር ቤት የብየዳ ካውያ አያያዝ ያስተምረው ነበርና፣ ልጁ ዜማን ከእናቱ፣ ብየዳን ከአባቱ ወርሶ በ14 ዓመቱ ከመጽሔት ባገኘው ንድፍ የመጀመሪያውን ቴሬሚን ሠራ። በ1954፣ ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የራሱን ንድፍ በመጽሔት አሳትሞ ከአባቱ ጋር ቴሬሚን እየሠራ መሸጥ ጀመረ፤ በ1961ም የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ በትራንዚስተር የሚሠራ አዲስ ዐይነት አወጣና፣ ያልተገጣጠመውን ዕቃ ከነመመሪያው በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም አንድ ሺህ ለሚያህሉ ሰዎች ሸጠ። ከገንዘቡም የሚበልጠው ፍሬ ይህ ነበር፤ ገዢው ሁሉ ዕቃውን ሲበይድ መሣሪያው በምን ምሥጢር እንደሚናገር ይረዳ ስለ ነበረ፣ ሻጩ በደንበኛ ፈንታ ደቀ መዝሙር አፈራ።

ከደቀ መዛሙርቱም አንዱ ኸርበርት ዶይች የተባለ የሙዚቃ መምህርና የዜማ ደራሲ ሲሆን፣ የገጣጠመውን ቴሬሚን ለተማሪዎቹ የጆሮ ማሠልጠኛ አድርጎት ነበር። ሁለቱ በ1963 መጨረሻ በሮቼስተር በተደረገ የሙዚቃ መምህራን ጉባኤ ላይ ተገናኙና በሚቀጥለው ዓመት በጋ፣ ሞግ በሚኖርባት ትሩማንስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ አንዱ እየበየደ ሌላው እየተጫወተ አብረው ሠሩ። የሞግ መላ ይህ ነበር፤ የድምፅ አመንጪው ቃና በሚደርሰው ቮልት መጠን ይወሰናል፣ ቮልቱ በአንድ ሲጨምር ቃናው አንድ ኦክታቭ ይወጣል፤ ቮልቱን የሚልከውም የጣት ቁልፍ ወይም ቀስ ብሎ የሚወዛወዝ ሌላ አመንጪ ሊሆን ስለሚችል፣ አንዱ ክፍል ሌላውን እንዲያዝ በሽቦ ማገናኘት ይበቃል። ዶይች ግን ድምፁ ድንገት ተነሥቶ ድንገት መቆረጡ ጆሮውን ቢከብደው፣ እንደ ሰው እስትንፋስ ቀስ ብሎ የሚነሣና ቀስ ብሎ የሚያልቅ ድምፅ ለመነ፤ ሞግም ከዕቃ መደብር የበር ደወል መጫኛ ገዝቶ እንዲያመጣለት ላከው፣ ሲጫን ተሞልቶ ሲለቀቅ ቀስ በቀስ የሚጐድል ካፓሲተርም አያይዞበት የተለመነውን ፈጸመ። ዛሬ በየሲንተሳይዘሩ ላይ ያለው ድምፅ የማንሻና የማክሰሚያ ሥርዐት ጥንተ ልደቱ እንግዲህ ይህ ርካሽ የደወል መጫኛ ነው፤ ተጫዋቹ ባይለምን ሠሪው አያስበውም፣ ሠሪውም ካውያ ይዞ አጠገቡ ባይቀመጥ ልመናው ቃል ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

በዚያው ዘመን በሌላው የአሜሪካ ዳርቻ፣ በካሊፎርንያ፣ ዶን ቡክላ ሞርተን ሱቦትኒክና ራሞን ሴንደር ከተባሉ የዜማ ደራስያን ጋር ተማክሮ የራሱን መሣሪያ ሠራ። ይህኛው የፒያኖን ቁልፍ ፈጽሞ አልተቀበለም፤ ነጭና ጥቁሩ ቁልፍ ከፊቱ ከተቀመጠ ጣት በለመደበት መሄዱ አይቀርምና፣ አዲስ ድምፅ ለሚፈልግ ሰው አሮጌ መንገድ መስጠት ነው ብሎ ስላመነ፣ በቁልፉ ፈንታ ጣት ሲያርፍባቸው የሚሰሙ ሰሌዳዎች አደረገ። ሕዝቡ ግን ቁልፍ ያለውን የሞግን መሣሪያ መረጠ፤ ይልቁንም በ1968 ዌንዲ ካርሎስ የባኽን ድርሰቶች በዚሁ መሣሪያ ተጫውታ ባወጣችው ሸክላ ምክንያት የሞግ ስም በዓለም ተሰማ፣ ሸክላውም ሦስት የግራሚ ሽልማት አገኘ። ያ ሥራ የትዕግሥት ሥራ ነበር፤ መሣሪያው በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ ስለማይናገር ካርሎስ እያንዳንዱን የዜማ መስመር ለብቻው እየቀዳች በቴፕ ላይ ትደራርብ፣ ቅኝቱም እየሸሸ ስላስቸገራት ጥቂት በተጫወተች ቁጥር መልሳ ትቃኝ ነበር፤ የጐደለውንም ለሞግ ስትነግረው እርሱ የጣትን ክብደት የሚለይ ቁልፍ ሠራላት።

በ1970 የወጣውና ሚኒሞግ የተባለው ትንሹ መሣሪያም ልደቱ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ቢል ኸምሳት የተባለ የሞግ መሐንዲስ በፋብሪካው ጣሪያ ሥር ከተጣሉ ዕቃዎች ለቃቅሞ፣ የተሰበረ የቁልፍ ሰሌዳም ቆርጦ ነበር የመጀመሪያውን ምሳሌ የገጣጠመው። በሽቦ የሚያያዙትን ክፍሎች በአንድ ሣጥን ስላጠቃለለ ተጫዋቹ ከመድረክ ወደ መድረክ ተሸክሞት ይሄድ ጀመር፤ እስከ 1981 ድረስም ከ12,000 ያላነሰ ተሠራ። ለጆሮ የሚጥመው ወፍራም ድምፁ የሚመጣው በተለይ ከድምፅ ማጣሪያው ሲሆን፣ ትራንዚስተሮቹ በንድፉ ላይ አንዱ በሌላው ላይ እንደ መሰላል ስለ ተደረደሩ ባለሙያዎች የመሰላል ማጣሪያ ይሉታል።

ነገር ግን በ1983 ያማሃ የተባለው ኩባንያ ዲኤክስ 7 የተባለውን መሣሪያ ሲያወጣ ዘመኑ ተለወጠ። ጆን ቻውኒንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ1967 ባገኘው የሒሳብ መንገድ የሚሠራው ይህ መሣሪያ፣ ሙቀት ቢመጣ ወይም ብርድ ቅኝቱ የማይናወጥ፣ 16 ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ነበረና ድል ማድረጉ አያስገርምም። ሆኖም በፊቱ ላይ የሚዞር መቃኛ አልነበረውም፤ ድምፅን ለመለወጥ በጠባብ መስኮት ላይ ቁጥር እያነበቡ ማለፍ ግድ ስለ ሆነ፣ ብዙው ተጫዋች ፋብሪካው ባዘጋጀለት ድምፅ ረክቶ ተቀመጠ። የሠሪውና የተጫዋቹ እጅ እንደ ገና ተለያየ፤ አሮጌዎቹም መሣሪያዎች በየአሮጌ ዕቃ ሱቁ በርካሽ ይሸጡ ጀመር።

ይሁን እንጂ የተዘጋ ሣጥንም ቢሆን በብልህ እጅ ሲገባ ይታዘዛል። የዋልያስ ባንድ ባልደረባ የነበሩት ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻግረው በዋሽንግተን ከቀሩ በኋላ፣ በ1985 በአንዲት ትንሽ ስቱዲዮ የልጅነት መሣሪያቸውን አኮርዲዮን ከኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻቸውን ደራርበው «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት አወጡ፤ በባንድ ይሞላ የነበረውን መድረክ አንድ ሰው ሞላው። ታክሲ በሚነዱበት ዘመንም ኪቦርዳቸውን በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው እየዞሩ ተሳፋሪ በሌለ ሰዓት ይለማመዱ ነበር። ካሴቱንም አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት በ2013 እንደ ገና አሳተመው።

የዓለም አፍቃሪዎችም በዚያ መካከል ወደ ሚከፈተው ሣጥን ተመለሱ። በ1995 ዲተር ዶፕፈር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በሽቦ የሚያያዙ ትናንሽ ክፍሎችን በልክ ቈርጦ ሲያወጣ፣ ልኩን ሌሎችም ተቀብለውት ዛሬ በየአገሩ ያሉ ብዙ ሠሪዎች የሚሠሩት ክፍል በዚያው ሣጥን ይገጥማል። ሞግም በመጨረሻ ወደ ተነሣበት ተመልሶ፣ በ1996 ከሚኖርባት ከአሽቪል ከተማ ያልተገጣጠመ ቴሬሚን መሸጥ ጀመረ፤ ያን ጊዜ 62 ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ነበር፣ በ2005ም ዐረፈ።

በቤቱ ሲንተሳይዘር የሠራ ሰው የመጨረሻውን ሽቦ በይዶ ካውያውን ካስቀመጠ በኋላ የሚያገኘው ደስታ ፍጹም አይደለም፤ ክፍሉ ሲሞቅ አመንጪው ይሞቃል፣ አመንጪው ሲሞቅ ቃናው ይሸሻል። እርሱ ግን አይደነግጥም፤ እንደ አዝማሪው ሁሉ ጆሮውን አዘንብሎ እጁን ወደ መቃኛው ይሰድዳል፣ ጥቂት ያዞራል፣ ዜማውንም ካቆመበት ይቀጥላል።