ከቦንጌ ሻምበቶ እስከ ንባብ ክፍል

ከፋዎች ለመመካከር ጣሪያ ያለው አዳራሽ እስኪሠራላቸው አልጠበቁም። የዘመን መለወጫቸው ማሽቃሮ ሲደርስ የየጎሳው መሪ ቦንጋ አካባቢ ወደሚገኘው ቦንጌ ሻምበቶ ሜዳ ይወጣ ነበር። ያለፈው ዓመት ሥራ እዚያ ይመረመር፣ የመጪውም ይታቀድ ነበር። ንጉሡ፣ በከፊኛ አጠራር ታቶው፣ ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት፤ ትልልቅ ጉዳዮች በእነሱ ምክር ያልፉ ነበር። ሜዳው የበዓል ቦታም የሸንጎ ቦታም ነበር።

በ1890 ዓ.ም. መባቻ ይህ ሁሉ ተናጋ። በወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ የተመራው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር የመጨረሻውን ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾን ማረከ፤ የከፋ መንግሥትም አበቃ።

ከዚያ በኋላ ዕድሉ ወደ ጅማ ዞረ። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ጅማን ከግዛቶቻቸው የአንዱ ማዕከል አድርገው ሲኒማ ሳይቀር ሠሩባት። ከነፃነት በኋላም የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጅማ ሆነች። ስሙ የከፋ፣ መቀመጫው ግን ሌላ ቦታ! ቦንጋ በአውራጃ ከተማነት ተወሰነች። የከተማዋ ሰው ወሬ የሚለዋወጠው፣ የሚመካከረውና የሚጫወተው በአብዛኛው በየቤቱ የቡና ረከቦት ዙሪያ፣ በጠጅ ቤትና በገበያ ነበር።

የሕዝብ አዳራሽ በየሠፈሩ የተስፋፋው በደርግ ዘመን ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጡት የገጠርና የከተማ መሬት አዋጆች የገበሬ ማኅበራትንና ቀበሌዎችን ወለዱ፤ እነሱም የየራሳቸውን መሰብሰቢያ ይዘው መጡ። ስብሰባው ብዙ ጊዜ የግዴታ ነበር፤ ብዙ ሰው የቀበሌ አዳራሽን በፍርሃት የሚያስታውሰውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ያው ቤት የኪነት ቡድን መለማመጃ፣ ማታ ማታ ደግሞ የፊደል መቁጠሪያ ሆነ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዓመቱ ከዩኔስኮ ሽልማት አገኘ። በአምስት ቋንቋዎች ጀምሮ ወደ አሥራ አምስት ሲያድግ ከፊኛ ከተጨመሩት አንዱ ነበር፤ የሚጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነበር። ማንበብ የቻለ ሰው ተመልሶ እንዳይረሳው በገበሬ ማኅበራት የንባብ ክፍሎች ተከፈቱ። ከዘመቻው ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ ሊመሰገን የሚገባው ይህ ነው፤ የገጠር ሰው መጽሐፍ ለማግኘት ከተማ መግባት አላስፈለገውም።

ዘመቻው ሲቆም ንባብ ክፍሎቹን የሚደግፋቸው ጠፋ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከፊኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ሲጀምር ደግሞ፣ የዚያን ዘመን አንባቢና የዛሬ ተማሪ ቋንቋቸው አንድ ሆኖ ሳለ ፊደላቸው ተለያየ። የሁለቱንም ዘመን ጽሑፎች ጎን ለጎን የሚያቀርብ የሕዝብ ማንበቢያ ቤት ያስፈለገው ያኔ ነበር።

ዛሬ ቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አላት፣ ዩኒቨርሲቲም አላት። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አንዷ ማዕከል ናት፤ ስብሰባ የማያጣት ከተማ ሆናለች። ስለ ሕዝቡ የተጻፈው ግን ለከተማው አንባቢ ሩቅ ነው፤ ኦስትሪያዊው ተመራማሪ ፍሪድሪሽ ቢበር ስለ ከፋ ሕዝብ የጻፈውን ሰፊ ሥራ በሁለት ቅጽ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923፣ በጀርመንኛ ነው። ይህ መጽሐፍ በአማርኛና በከፊኛ ተተርጉሞ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመን መጻሕፍትም ከያሉበት ተሰብስበው፣ ማንም የከተማው ሰው ገብቶ በሚያነብበት ክፍል ሊቀመጡ ይገባል። የክልሉ ባህል ቢሮና ዩኒቨርሲቲው ከቡና ሙዚየሙ ጋር ተመካክረው ይህን ሥራ አሁኑኑ ይጀምሩት።