ኬኔዲን ያሻገረችው ትንሿ ግዛት

"ቲቸር፣ አሜሪካኖች እጩ ለመምረጥ በየግዛቱ የሚዞሩት ለምንድነው? አንዲት ትንሽ ግዛት ምን ትለውጣለች?" የሚል ጥያቄ ከድሮ ተማሪዎቼ ይደርሰኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ዌስት ቨርጂኒያ፣ 1960። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ያኔ ቅድመ ምርጫ የሚያካሂዱት ግዛቶች ጥቂት ነበሩ። እጩውን በጉባኤ የሚወስኑት በአብዛኛው የፓርቲው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ጆን ኬኔዲን ፈሩት። ለምን? ካቶሊክ ነዋ! በ1928 ዴሞክራቶች አል ስሚዝ የተባለ ካቶሊክ አቅርበው ክፉኛ ተሸንፈዋል። ያ ጠባሳ አልሻረም።

ኬኔዲ ኤፕሪል 5 ዊስኮንሰንን አሸነፈ። ግን "የመረጡት የራሱ ካቶሊኮች ናቸው" ተባለ። ስለዚህ እውነተኛው ፈተና ዌስት ቨርጂኒያ ሆነች፤ የድሃ ከሰል ቆፋሪዎች አገር፣ ካቶሊኩ ከመቶ 5 ገደማ ብቻ የሆነባት።

ተፎካካሪው ሂዩበርት ሃምፍሪ ፕሮቴስታንት ነው፣ ለድሃ ተከራካሪነቱም የታወቀ ነው፤ ኪሱ ግን ባዶ ነበር። ኬኔዲ የአባቱ ሀብት አለው። በዚያ ላይ ድሃው የሚወደውን የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ልጅ ይዞ ዞረ። ሃይማኖቱንም አልሸሸገም። ባህር ኃይል ገብቼ ስዋጋ ካቶሊክ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም እያለ ፊት ለፊት ተናገረ።

ሜይ 10 ሕዝቡ መለሰ፤ ኬኔዲ 60 በመቶ ገደማ አገኘ። ሃምፍሪ በዚያው ሌሊት ከውድድሩ ወጣ። ጁላይ ላይ ሎስ አንጀለስ በተደረገው ጉባኤ ኬኔዲ በመጀመሪያው ዙር ድምፅ እጩ ሆነ።

ልብ በሉ፤ ነገሩን የቀየረው ከዚያች ትንሽ ግዛት የሚገኝ የጉባኤ ድምፅ ብዛት አይደለም። ግዛቷ የሰጠችው ማስረጃ ነው። "ፕሮቴስታንት ካቶሊክን አይመርጥም" የሚሉት አለቆች ሰበብ አጡ።

ድሃውስ ምን አገኘ? ኬኔዲ ሥልጣን በያዘ ማግስት ለችግረኞች የሚታደለው ምግብ እንዲጨምር አዘዘ። በ1961 የምግብ ኩፖን ሙከራው የተጀመረውም እዚያው ዌስት ቨርጂኒያ፣ ማክዶዌል ካውንቲ ነው። በ1962 የሰላም ጓድ መምህራንን ወደ እኛ አገር የላከውም ይኸው ሰው ነው። ወላጆቻችሁን ጠይቁ፣ በእነሱ የተማረ አይጠፋም።

እንግዲህ "የእኔ ድምፅ ምን ይለውጣል?" የምትሉ ካላችሁ፣ እነዚያን ከሰል ቆፋሪዎች አስቧቸው። በሃይማኖት ይመርጣሉ ተብለው ተገምተው ነበር፤ ግምቱን በካርዳቸው አፈረሱት።