ቀይዋ ስዊች፦ ፓወር ሳፕላይና መብራት ከመርሳ ሲታዩ

መርሳ ያደገ ሰው "መጣ!" የሚለውን ጩኸት ያውቀዋል። "ማን መጣ?" ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው። መብራት ነዋ! ሰፈሩ ባንድ አፍ ይጮኻል፣ ልጆች ከደጅ ወደ ቤት ይሮጣሉ፣ ሳይዘጋ የተረሳ ሬዲዮ ብቻውን ማውራት ይጀምራል።

2001 ዓ.ም. ነው፤ አገሩ መብራት በፈረቃ የሚደርሰው በነበረበት ዓመት። አሜሪካ ያለችው አክስቴ የላከችው ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቤታችን ገባ። የገባው ግን ፈረቃችን ባልሆነ ቀን ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ስክሪኑን በጨርቅ እየወለወልን፣ ገመዱን እየሰካንና እየነቀልን ጠበቅን። የጌሙን ሲዲ ከወልዲያ ተውሰን አምጥተናል። በማግስቱ ማታ "መጣ!" ተባለ። ወንድሜ ሰካው።

"ቷ!"

ከኮምፒውተሩ ጀርባ ጭስ ወጣ። ፊውዙ ተቃጠለና ቤቱ መልሶ ጨለመ። እናቴ ከጓዳ ሆና "ምን ዓይነት ልጆች ናችሁ? ገና ከመምጣቱ አባረራችሁት!" አለች።

ጥፋቱ የመብራቱ አልነበረም። ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ቀይ ስዊች ነበረች። ላይዋ ላይ "115" ተጽፏል። በጥፍር ገፋ አድርጎ "230" ላይ ማድረግ ነበር። ይህን የነገረን ሰው ግን የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፓወር ሳፕላይ ሳይ ዋቱን ከማንበቤ በፊት ጀርባውን አያለሁ። የዛሬው ጨዋታችንም ከዚያች ስዊች ይነሳል።

የኒውዮርክና የበርሊን ቁጥር

እንዴት ነው አንዱ ዓለም በ115፣ ሌላው በ230 የሚኖረው? ነገሩ የአምፖል ጉዳይ ነው። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒውዮርክ ላይ ኤሌክትሪክ መሸጥ ሲጀምር 110 ቮልት አካባቢን የመረጠው የዘመኑ አምፖል የሚችለው ያንን ስለነበረ ነው። የበርሊኑ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ወደ 220 ቮልት ተሻገረ። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ያንኑ ኃይል በግማሽ አምፔር ማድረስ ይቻላል፤ ግማሽ አምፔር ማለት ቀጭን ሽቦ ማለት ነው። ኩባንያው የደንበኞቹን ዕቃ ለመቀየር ያወጣውን ወጪ ከመዳብ በቆጠበው ሸፈነው። አሜሪካ በነበረችበት ቀረች፣ አውሮፓ በርሊንን ተከተለች። እኛም የአውሮፓን መንገድ ይዘን 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ላይ ነን።

ቀይዋ ስዊች የእነዚህ የሁለቱ ዓለሞች ድልድይ ነበረች። "115" ላይ ስትሆን ፓወር ሳፕላዩ የሚገባውን ቮልት ውስጥ ላይ እጥፍ ያደርገዋል። የአሜሪካ ቮልት እጥፍ ሲሆን የአውሮፓን ያህላል፤ ደግ። የእኛ 220 እጥፍ ሲሆን ግን ጉድ ይፈላል። ውስጥ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች 200 ቮልት እንዲችሉ ነው የተሠሩት። እኛ ያን ማታ ለእያንዳንዳቸው 310 ያህል ሰጠናቸው። የቀረውን "ቷ!" ነግሯችኋል።

"መብራት" ብለን የጠራነው

በእኛ አገር ኤሌክትሪክ የገባው በአጼ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በኩል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። ያኔ ሥራው አንድ ነበር፤ ማብራት። ስሙም በዚያው ጸና። ዛሬም ፍሪጅ ሲቆም፣ ወፍጮ ሲቆም፣ ኮምፒውተር ሲጠፋ "መብራት ሄደ" ነው የምንለው።

የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫችን በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል ነው፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት። በዛሬ ዓይን ብናየው 500 ዋት የሚበሉ 13,200 የጌም ኮምፒውተሮች ባንድ ጊዜ ቢከፈቱ ሙልጭ አድርገው ይጨርሱታል። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1952 ከጣሊያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ የተገነባው ቆቃ 43.2 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ። በ1989 መሥሪያ ቤቱ ኮርፖሬሽን ሲሆን "መብራት" የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ። በ2006 ደግሞ አመንጪውና አከፋፋዩ ለሁለት ተከፈሉ። እኛ ግን ይኸው እስከ ዛሬ "መብራት ኃይል" እንላለን። ሕዝብ ስም የሚቀይረው በአዋጅ አይደለም።

ከቆቃ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሁለት ዓይነት ከተማ ነበር። አንደኛው ከግድቦቹ በተያያዘው መስመር ላይ ያለ ነው። ሁለተኛው የራሱን የናፍጣ ሞተር ይዞ፣ ሞተሩ ሲነሳ የሚያይ፣ ሲያርፍ የሚተኛ። በ1998 ዓ.ም. የተጀመረው መብራትን ለሁሉም የማዳረስ ፕሮግራም መስመሩን ወደ ገጠር ከተሞችና ቀበሌዎች ገፋው። በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን መስመር በረዘመና ትራንስፎርመር በተጨናነቀ ቁጥር መጨረሻው ላይ ያለው ቤት የሚደርሰው ቮልት ይሳሳል። ማታ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ቢጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። (እናቶች "ያ ኮምፒውተርህ መብራቱን ጨረሰው" ሲሏችሁ በትሕትና ንገሯቸው፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ጌማችሁ ከዚያ አንድ አሥረኛውን ቢበላ ነው። ስትናገሩ ግን እንጀራው ከወጣ በኋላ ይሁን።)

የእኛ ትውልድ ይህን በትምህርት ቤትም ያውቀዋል። በ1997 አካባቢ "ፕላዝማ" ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ አስተማሪው በሳተላይት መጣ። መብራት ሲሄድ አስተማሪውም ይሄዳል። መብራት ሲመለስ ግን አስተማሪው እኛን አይጠብቅም፤ ምዕራፉን አልፎ ሄዷል።

ከ63.5 ዋት እስከ ዛሬ

በሌላው ዓለም ደግሞ ፓወር ሳፕላይ የራሱን ታሪክ ይዞ ያድግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ 63.5 ዋት ይበቃው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ኤቲ 192 ዋት ደረሰ። በ1995 ኢንቴል ኤቲኤክስ የተባለውን ልክ አወጣ፤ የዛሬው ኬዝና ፓወር ሳፕላይ የሚገጣጠሙት በዚያ ልክ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ለውጥ ብዙ ሰው ሳያየው ያለፈ ነው። የድሮ ኮምፒውተር አብዛኛውን ኃይል የሚወስደው ከ5 ቮልት መስመር ነበር። ከ2000 ወዲህ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም ወደ 12 ቮልት ዞሩ። ኤንቪዲያ በ2022 ያወጣው አርቲኤክስ 4090 ለብቻው 450 ዋት ይጠይቃል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከ12 ቮልቱ። ርካሽ ፓወር ሳፕላይ የሚሠሩት ግን በአሮጌው ንድፍ ላይ አዲስ ቁጥር መለጠፍ ቀጠሉ። "የካርቶን ዋት" የምለው ይህንን ነው። ካርቶኑ ላይ 500 ዋት ይላል። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ስታዩ 12 ቮልቱ 18 አምፔር ነው። አባዙት፤ 216 ዋት። ለጌም ዋጋ ያለው ይኸኛው ቁጥር ነው። የቀረው ማንም በማይፈልገው መስመር ላይ የተጻፈ ነው።

ቀይዋን ስዊች ያጠፋትም ይኸው ታሪክ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ኮምፒውተሮች ከመስመሩ ኃይል የሚስቡበትን መንገድ የሚገዛ ደንብ አስገደደ። በ2004 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ 80 ፕላስ የሚባለው ምልክት መጣ፤ ከሶኬት ከሚስበው ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ የሚያደርስ ማለት ነው። በእነዚህ ግፊት አክቲቭ ፒኤፍሲ የተባለው ዑደት ተስፋፋ። እሱ ያለው አብዛኛው ፓወር ሳፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የመጣለትን ሁሉ ተቀብሎ ይሠራል፣ መራጭ ስዊች አያስፈልገውም። ለአውሮፓ ደንብ ተብሎ የተሠራው ነገር መርሳ ማታ 220ው ወደ 160 ሲወርድ ከማንም በላይ ለእኛ ይጠቅማል። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ሳያስበን ይጠቅመናል።

ከጨለማው ወራት በኋላ

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልዲያና መርሳ ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ አካባቢው ያለ መብራት፣ ያለ ስልክና ያለ ባንክ ከረመ። በዚያ ሰሞን ስለ ጌም ኮምፒውተር ማውራት ነውር ነበር። ወፍጮ ቆሞ እህል እያለ ዱቄት የጠፋበት ጊዜ ነው። "መብራት" የሚለው ስም ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ለካ መብራት ዱቄትም ነው፣ መድኃኒትም ነው፣ የዘመድ ድምፅም ነው።

መስመሩ ተጠግኖ "መጣ!" ሲባል ሰው አለቀሰ። እኔ ግን የድሮ ትምህርቴን አልረሳሁም፤ ሮጬ የነቀልኩት ነገር ቢኖር ኮምፒውተሩን ነው። (መርሳ ተወልዶ መርሳት አይቻልም።) መብራት ሲመለስ ከተማው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይሰካል። ምጣዱም ፍሪጁም ወፍጮውም ባንድ ላይ ሲነሱ ቮልቱ ይዋዥቃል። ዕቃ የሚቃጠለው በአብዛኛው መብራት ሲሄድና ሲመለስ ነው፤ ደህና ሲበራ አይደለም።

ታዲያ ምን እንምረጥ?

የእኛ ሰፈር ልጅ የጌም ኮምፒውተር የሚሠራው ባለው ነገር ነው። ከቢሮ የወጣ ዴል ወይም ኤችፒ ይገዛል፣ ግራፊክስ ካርድ ይጨምርበታል፣ የተረፈችው ብር ፓወር ሳፕላይ ትሆናለች። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት እላለሁ።

መጀመሪያ ፍላጎታችሁን ደምሩ። 84 ዋት የሚወስድ የአራተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 75 ዋት የሚወስድ ጂቲኤክስ 1650፣ ለቀረው 50 ዋት፤ ድምሩ 210 አይሞላም። ለዚህ 750 ዋት የሚል ካርቶን መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው። 12 ቮልቱ ላይ 30 አምፔር ያለው እውነተኛ 400 ወይም 450 ዋት ይበቃል፣ ይተርፋልም። የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የራሳቸው ልክና የራሳቸው መሰኪያ ስላላቸው ግን ሳትከፍቱ አትግዙ።

ሁለተኛ፣ "100–240" የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ቀይ ስዊች ያለበትን ከሩቁ ሰላም ብላችሁ እለፉት። ከፍተኛና ዝቅተኛ ቮልት፣ ሾርት እና ሙቀት ሲመጣ ራሱን የሚያጠፋ መሆኑን ጠይቁ። ወልዲያ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ወደ መርሳና ሐብሩ ቆላ ስትወርዱ ግን ሙቀቱና አቧራው ይጨምራል። ስለዚህ ዋቱ በ40 ወይም በ50 ዲግሪ የተለካ ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ዩፒኤስ ካላችሁ ሁለቱ መስማማት አለባቸው። ጥሩ ፓወር ሳፕላይ መብራት ከተቋረጠ በኋላ 16 ሚሊሰከንድ ያህል በራሱ ትንፋሽ ይቆያል። የተለመደው ዩፒኤስ ወደ ባትሪው ለመዞር እስከ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ርካሹ ፓወር ሳፕላይ ያን ትንፋሽ ስለሌለው ዩፒኤስ እያለም ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ከዚያ ዩፒኤሱን እንረግማለን። ደግሞ 650 ቪኤ ማለት 650 ዋት አይደለም፤ 360 አካባቢ ነው።

አራተኛው ገንዘብ አይፈልግም ማለት ይቻላል። ኬዙን ስትነኩት የሚነዝራችሁ ከሆነ ቤታችሁ ግራውንድ የለውም፤ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ። መብራት ሲሄድ ንቀሉ። "መጣ!" ሲባል አሥር ደቂቃ ቡና ጠጡና ሰካ አድርጉ።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት ያለው የህዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከአባ ሳሙኤል 6.6 ተነስተን እዚህ ደርሰናል፤ ኩራታችን ነው። ከግድቡ እስከ መርሳ ቤት ድረስ ግን ብዙ ሽቦ፣ ብዙ ምሰሶና ብዙ ትራንስፎርመር አለ። የዚያ ሁሉ ሰንሰለት የመጨረሻው ዘበኛ ኬዛችሁ ውስጥ ያለችው ሳጥን ናት። የሚደርሳትን ሁሉ ተቀብላ፣ ክፉውን አስቀርታ ደጉን ታስተላልፋለች። ዘበኛ ደግሞ በተረፈች ብር አይቀጠርም።

ወንድሜ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ባለፈው ልጁ "ኮምፒውተር ልንሠራ ነው" ሲለው መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ግራፊክስ ካርዱ አልነበረም።

"ጀርባውን አሳየኝ" ነው ያለው።