ከዓለም ገና የተነሣው መንገድ፦ የሕዝብ መዋጮና የመንግሥት ድጎማ አጭር ታሪክ

ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ የሚጓዝ ሰው ከተማዋ ከመግባቱ በፊት ዓለም ገና ላይ ወደ ግራ የሚታጠፍ አስፋልት ያገኛል። ይህ መንገድ መልካ ቁንጡሬ ላይ አዋሽን ተሻግሮ፣ በጢያ በኩል አልፎ፣ ቡታጅራንና ሆሳዕናን አገናኝቶ ወላይታ ሶዶ ድረስ ይዘልቃል። ጤፉን በአይሱዙ ጭኖ የሚያልፍ ነጋዴም ሆነ በአህያ ገለባ የሚነዳ አርሶ አደር መንገዱን የመንግሥት ብሎ ነው የሚያውቀው። አሁን የመንግሥት መሆኑም እውነት ነው። አጀማመሩ ግን እንዲህ አልነበረም።

በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ከትመው የሚኖሩ ሰዎች፣ በተለይም የጉራጌ ተወላጆች፣ የዓለም ገና–ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበርን አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ክረምት ከገባ ከአገር ቤት ወደ ከተማ መምጣትም ሆነ መመለስ ፈተና ነበር። እህልና ቆጮ በጋማ ከብት ይጫናል፣ ወንዝ ሲሞላ ሰውም ከብትም ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል። የማኅበሩ አባላት ከነጋዴው፣ ከሠራተኛውና ከገጠሩ ነዋሪ መዋጮ ሰበሰቡ። መንግሥትም በአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በኩል የራሱን ድርሻ ጨመረበት። ስለዚህ ማኅበር ፈቃዱ ገዳሙ የተባሉ ምሁር በለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናት እስከ መሥራት ደርሰዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። መዋጮው ቀደመ፣ ድጎማው ተከተለ። መንገዱ በየት በኩል ይለፍ የሚለውን ጥያቄ ያነሡት ገንዘቡን ያዋጡት ሰዎች ነበሩ፤ ክርክሩም፣ ቅሬታውም የእነርሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ተገላብጧል። ዛሬ በየቀበሌው ቆመው የሚታዩትም፣ በራቸው ተቆልፎ ሣር የበቀለባቸውም የሕዝብ መገልገያዎች ታሪካቸው በአብዛኛው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

በእርግጥ የመንግሥት ገንዘብ ለአካባቢ አገልግሎት መመደብ የተጀመረው ከመንገዱ በፊት ነው። በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በአዋጅ ተጥሎ ከመሬት ግብር ጋር ይሰበሰብ ጀመር። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ የጤና ግብር ተከተለ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ከአገሩ የተሰበሰበው ገንዘብ ለዚያው አገር ልጆች ትምህርት ቤት እንዲሆን ነው። ይሁንና ግብሩ በባለመሬቱ ላይ ቢጣልም በብዙ ቦታ በመጨረሻ የሚሸከመው ጭሰኛው ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ደግሞ በአብዛኛው የተሠሩት በከተሞች ነው። ጭሰኛው ከፈለ፣ የከተማ ልጅ ተማረ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በዚያው ዘመን ገበሬው ራሱ በፈቃዱ ልማት ለመሥራት የተደራጀበት ሌላ ምሳሌ አለ። ስሙን በሸዋና በምዕራቡ አገር ከሚኖሩት የኦሮሞ ጎሳዎች የወሰደው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር በ1950ዎቹ አጋማሽ ተመሠረተ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የሚገኙትም በዚሁ በቱለማ ምድር ነው። ማኅበሩ ከአባላት በሚሰበሰብ መዋጮ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና መንገድ ለመሥራት ተነሣ፤ ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳና ጄኔራል ታደሰ ብሩ ከታወቁት መሪዎቹ መካከል ነበሩ። አባላቱ እየበዙ፣ ስብሰባው እየሰፋ ሲሄድ መንግሥት ሰጋ። በ1959 ዓ.ም. ማኅበሩ ታገደ፣ መሪዎቹም ታሰሩ። አንዱ ማኅበር መንገድ ሲቆርጥ ድጋፍ አገኘ፣ ሌላው ትምህርት ቤት ልሥራ ሲል ተዘጋ። የፈቃድ ማኅበር ዕድሜ በገንዘቡ ብቻ እንደማይወሰን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር የገበሬ ማኅበራት በየቀበሌው ተቋቋሙ። በ1968 ዓ.ም. ሕጋዊ ሰውነት አገኙ፤ በ1970 ዓ.ም. በወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅም የአገልግሎት ማኅበራት ተጠናከሩ። በዚህ ዘመን መጋዘን፣ ሱቅ፣ ወፍጮ ቤትና የስብሰባ አዳራሽ በብዛት ተሠርቷል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ሥራ ነው፤ የዳሱን እንጨት የተሸከመውም ገበሬው ነው። ችግሩ መዋጮው ትእዛዝ መሆኑ ነበር። ስንት ይዋጣ፣ ምን ይሠራ፣ እህሉ በስንት ይሸጥ የሚለው ከላይ ተወስኖ ይወርዳል። ገበሬው እጁን ያወጣል፤ እጁን የሚያወጣው ግን ሌላው ስላወጣ ነው።

ውጤቱ የታየው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ከታወጀ በኋላና በ1983 ዓ.ም. በለውጡ ሰሞን ነው። በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የማኅበራት ንብረት ተዘረፈ፤ የመጋዘን ቆርቆሮ ተነቀለ፣ በርና መስኮት ተወሰደ፣ ሒሳብ መዝገብ ተቀደደ። ዘራፊ ተብሎ የሚወቀሰው ብዙውን ጊዜ ከሩቅ የመጣ ወንበዴ ሳይሆን እዚያው መጋዘን ሲሠራ ድንጋይ የተሸከመው ሰው ነው። ሰው የራሱ ነው ብሎ የሚያምነውን ቆርቆሮ አይነቅልም።

በ1988 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ማኅበራዊ ተሐድሶና ልማት ፈንድ በአዋጅ ተቋቋመ። ገንዘቡ ከዓለም ባንክ፣ ከመንግሥትና ከሌሎች ለጋሾች የተገኘ ሲሆን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና ክሊኒክ፣ የገጠር ውኃና አነስተኛ መስኖ ይሠራበት ነበር። ፈንዱ ከቀድሞው አሠራር የሚለየው ማመልከቻ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ኅብረተሰቡ የፕሮጀክት ኮሚቴ ይመርጣል፣ ችግሩን ለይቶ ያመለክታል፣ ከወጪውም ቢያንስ 10 በመቶውን በገንዘብ፣ በጉልበት ወይም በቁሳቁስ ይሸፍናል።

10 በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ለምሳሌ ያህል አንድ የትምህርት ቤት ብሎክ 300,000 ብር ይፈጃል እንበል። የኅብረተሰቡ ድርሻ 30,000 ብር ነው። 200 አባወራዎች ቢካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 150 ብር ይደርሳል። የቀን ሠራተኛ በ5 ብር በሚውልበት ጊዜ ይህ የ30 ቀን ጉልበት ነው፤ ያውም ከማረስና ከማጨድ በተረፈ ጊዜ። ታዲያ አንድ ወር ሙሉ ድንጋይ የፈለጠ፣ አሸዋ ከወንዝ በአህያ ያመላለሰ አባወራ ግንበኛው ሲሚንቶ ሲያሳንስ ዓይቶ "ኧረ ይሄ ነገር አይበቃም" ቢል ማን ይሰማዋል? ጨረታውን ያወጣው፣ ተቋራጩን የቀጠረው፣ ክፍያውን የሚፈርመው በአብዛኛው ሌላ ነው። ፈንዱ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶችን ሠርቷል፤ በፈንዱ የተሠራ ክፍል ውስጥ ፊደል የቆጠረ አርሶ አደር ዛሬ ልጆቹን እያስተማረ ነው። ይህን መካድ ነውር ነው። ግን ፈንዱ ዘመኑን ጨርሶ ሲዘጋ ለተሰበረ ቧንቧ መለዋወጫ የሚገዛው ማን እንደሆነ በብዙ ቦታ መልስ አልነበረም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የተሞከረው በአማራ ክልል ነው። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ ይካሄድ የነበረው የገጠር ውኃ አቅርቦትና አካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ የኅብረተሰብ ልማት ፈንድ የተባለ አሠራር ጀመረ። ቀበሌው ያመለክታል፣ ወረዳው ይመዝናል። ከጸደቀ ድጎማው በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለውኃ ኮሚቴው ይተላለፋል። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚዋዋለው፣ ሒሳቡን ለተጠቃሚው የሚያቀርበው ራሱ ኮሚቴው ነው። ኮሚቴው አስቀድሞ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ሰብስቦ በቁጠባ ደብተር ማስቀመጥ ይጠበቅበታል።

መጀመሪያ ላይ "ገበሬ እጅ ገንዘብ ገብቶ እንዴት ይሆናል?" ማለት ቀላል ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ የውኃ ነጥቦቹ በፍጥነት ተሠሩ፣ አብዛኞቹም አገልግሎት መስጠታቸውን ቀጠሉ። አሠራሩ በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአገር አቀፉ የውኃ ፕሮግራም ውስጥ በኅብረተሰብ የሚመራ ፕሮጀክት በሚል ተካቶ ወደ ኦሮሚያና ወደ ሌሎች ክልሎችም ተዛመተ። ምሥጢሩ የረቀቀ አይደለም። እድር ለቀብር የሚሰበስበውን ገንዘብ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት ባልተናነሰ የሚጠብቀው ሰብሳቢውም፣ ጸሐፊውም፣ ገንዘብ ያዡም በአንድ ሰፈር የሚኖሩ፣ በአንድ ድንኳን የሚያለቅሱ ስለሆኑ ነው።

የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ጣቢያዎች ታሪክ ከዚህ ጋር ቢነጻጸር ያስተምራል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው አንድ ጣቢያና ሦስት የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት፣ እንዲኖሩ ተወሰነ። ኅብረተሰቡ መሬት ሰጠ፣ እንጨትና ድንጋይ አቀረበ። በ2002 ዓ.ም. ግድም የወጣ አንድ ጥናት ወደ 8,500 የሚጠጉ ጣቢያዎች መሠራታቸውን፣ ከእነዚህ ውስጥ በሥራ ላይ ያሉት ግን ወደ 2,500 ብቻ መሆናቸውን ገልጿል። ሕንፃው አለ፣ ወንበር የለም። ሠርቶ ማሳያው አለ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የሚገዛበት በጀት የለም። በራሳቸው ማሳ አምርተውና ሸጠው ሥራቸውን የቀጠሉ ጣቢያዎችም ነበሩ፤ እነዚህ በአብዛኛው አርሶ አደሮች በጣቢያው አስተዳደር ኮሚቴ ውስጥ በእውነት የሚሳተፉባቸው ናቸው። ሌላው ቦታ ላይ ኮሚቴው በሪፖርት ወረቀት ብቻ ይኖራል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 ማኅበራት በአባላት ፈቃድ እንዲቋቋሙ አደረገ። ከተጣራ ትርፍ ለመጠባበቂያ ከሚያዘው ሌላ ለሥራ ማስፋፊያና ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውለውን መጠን ጠቅላላ ጉባኤው እንዲወስን ፈቀደ። በዚያው ዓመት የተመሠረተው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ከፍትሐዊ ንግድ ገበያ በሚያገኘው ተጨማሪ ክፍያ በአባል ማኅበራት ቀበሌዎች ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና ንጹሕ ውኃ አሠርቷል። ይህ ከሰው ቸርነት የመጣ ሳይሆን ከቡናው ዋጋ የተገኘ ገንዘብ ነው፤ የት ይዋል የሚለውም የሚወሰነው በአባላቱ ነው። አዋጁ በ2009 ዓ.ም. በቁጥር 985 ቢተካም ይህ የጉባኤ ሥልጣን አልተነካም።

ሰበታ ዙሪያ ያለው አርሶ አደር ደግሞ ሌላ የሚያሳስበው ነገር አለበት። በ2000 ዓ.ም. የፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ተቋቋመ፤ በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞችና በዙሪያቸው ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ጋር ሸገር ከተማ ተብለው ተዋቀሩ። የቀበሌ ማኅተም ሲቀየር፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሲከፈል ወይም ሲዋሐድ መዝገብ ይበተናል። የትምህርት ቤቱ መሬት ማን ሰጠው? ጤና ኬላው ሲሠራ ስንት ሰው ስንት ቀን ዋለ? የውኃ ኮሚቴው የቁጠባ ደብተር በማን ስም ነው? የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን በማኅበሩ ስም የተመዘገበ በመሆኑ የአስተዳደር ወሰን ቢለወጥም ባለቤቱ ይታወቃል። የብዙ ውኃ ኮሚቴዎችና የትምህርት ቤት ግንባታ ኮሚቴዎች ሀብት ግን የቆየው በሰዎች ትውስታ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ እያረጁ ናቸው።

በመሠረታዊ ማኅበራት ጉባኤ ላይ ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚመደበው ገንዘብ ሲጸድቅ ብዙውን ጊዜ በቃለ ጉባኤው የሚሰፍረው ብሩ ብቻ ነው። ድንጋዩ በሜትር ኩብ፣ ጉልበቱ በሰው ቀን፣ የተሰጠው መሬት በካሬ ሜትርና በአዋሳኞቹ ተለይቶ ሊሰፍር ይችላል። ይህን ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ ባለመስመር ደብተርና ማንበብ የሚችል ጸሐፊ ነው፤ ሁለቱም በየማኅበሩ አሉ።