የቀድሞ ተዋናዮችና የሪያሊቲ ሾው መንገድ፦ የዱባይ ነዋሪዋ ተዋናይት ምሳሌ

ለዓመታት በቴሌቪዥንና በፊልም ሲታወቁ ቆይተው ከተመልካች ዐይን የራቁ ተዋናዮች ወደ ሥራቸው ለመመለስ ከሚሞክሩባቸው መንገዶች አንዱ «ሪያሊቲ ሾው» የሚባለው የቴሌቪዥን ትርኢት ነው። ተሳታፊዎች በድርሰት የተዘጋጀ ገጸ ባሕርይ ይዘው ሳይሆን ራሳቸውን ሆነው በካሜራ ፊት ይውላሉ። ይህ ጽሑፍ የትርኢቱን አመጣጥና አሠራር፣ እንዲሁም ለተዋናዮች ያስገኘውን ውጤት ይዳስሳል። በተለይም ዱባይን መኖሪያዋ ያደረገችውን አሜሪካዊት ተዋናይት የሊንዚ ሎሃንን ጉዞ ይመለከታል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጡ

«ቢግ ብራዘር» የተሰኘው ትርኢት በ1999 በኔዘርላንድስ ሲጀመር ተሳታፊዎቹ ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ አዘጋጆች ፊታቸውን ወደ ታዋቂ ሰዎች አዞሩ። በብሪታንያ በ2002 ዝነኞችን ጫካ ውስጥ የሚያኖር ትርኢት ተጀመረ። በአሜሪካ ደግሞ በ2003 ዝናቸው የቀነሰ ተዋናዮችንና ሙዚቀኞችን በአንድ ቤት የሚያሰባስበው «ዘ ሰሪል ላይፍ» ቀረበ። በ2005 የተጀመረው «ዳንሲንግ ዊዝ ዘ ስታርስ» የተባለው የዳንስ ውድድርም ለብዙ የቀድሞ ተዋናዮች በር ከፍቷል።

በዐረቡ ዓለም የዘርፉ ታሪክ ከዱባይ ጋር የተሳሰረ ነው። ከዱባይ ማሪና ጎን የሚገኘው የዱባይ ሚዲያ ሲቲ ከ2002 ጀምሮ ዋና መሥሪያ ቤቱን ከለንደን ያዛወረውን የኤም ቢ ሲ የቴሌቪዥን ድርጅት ለረጅም ዓመታት አስተናግዷል። ድርጅቱ በ2004 በባሕሬን የጀመረው የ«ቢግ ብራዘር» ዐረብኛ ቅጂ ከሕዝብ በገጠመው ተቃውሞ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተቋርጧል። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ሰፊ ተቀባይነት ያገኙት በአብዛኛው የተሰጥዖ ውድድሮች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ከ2006 ጀምሮ በአቡ ዳቢ የሚካሄደው «የሚሊዮን ገጣሚ» እና በ2011 የተጀመረው «አረብስ ጋት ታለንት» ይጠቀሳሉ። የሰዎችን የዕለት ኑሮ የሚያሳየው ዓይነት በ2022 በኔትፍሊክስ በቀረበው «ዱባይ ብሊንግ» እንደገና ጎልቶ ታይቷል።

አሠራሩ

ለአዘጋጆች የቀድሞ ተዋናይ ተፈላጊ የሚሆነው ተመልካች ስሙን ስለሚያውቀውና ክፍያው በሥራ ላይ ካሉት ኮከቦች ስለሚያንስ ነው። ለተዋናዩ ደግሞ ገቢና እንደገና የመታየት ዕድል ያስገኝለታል። ሆኖም በድራማና በሪያሊቲ ሾው መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በድራማ ተዋናዩ ጽሑፉን አስቀድሞ ያነባል፤ የሚጫወተውን ሰው መጀመሪያና መጨረሻ ያውቃል። በሪያሊቲ ሾው ግን ለረጅም ሰዓታት ከተቀረጸው ምስል ውስጥ ለአየር የሚበቃውን የሚመርጠው አዘጋጁ ነው። በጭቅጭቅ መካከል የተነገረች አንዲት ቃል የሰውየው መታወቂያ ሆና ልትቀር ትችላለች። ተሳታፊው በሚፈርመው ውል ምስሉን የመጠቀም መብት ለአዘጋጁ ስለሚሰጥ፣ ከተሰራጨ በኋላ ሊያስተካክለው የሚችለው ነገር ጥቂት ነው።

የተገኙ ውጤቶች

በኤምሬትስ በሚኖሩ ሕንዳውያን ዘንድ በስፋት የሚታወቀው «ቢግ ቦስ» በ2006 ሲጀመር የመጀመሪያው አሸናፊ ራሁል ሮይ ነበር። ሮይ በ1990 በወጣው «አሺኪ» ፊልም ዝናን ያተረፈ ተዋናይ ቢሆንም፣ በ2007 መጀመሪያ ያገኘው ድል የቀድሞ የመሪ ተዋናይነት ቦታውን አልመለሰለትም። በአንጻሩ በአራተኛው ምዕራፍ፣ በ2011 መጀመሪያ፣ ያሸነፈችው የተከታታይ ድራማ ተዋናይት ሽዌታ ቲዋሪ በዚያው ዓመት በአዲስ ድራማ ወደ ትወና ተመልሳለች።

በአሜሪካ የ1990ዎቹ ኮሜዲ «ዘ ፍሬሽ ፕሪንስ ኦቭ ቤል ኤር» ተዋናይ አልፎንሶ ሪቤሮ በ2014 የዳንሱን ውድድር አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት የተሰጠው ሥራ ግን የትወና ሳይሆን የመርሐ ግብር አቅራቢነት ነበር። ሦስቱም አሸንፈዋል፤ የሥራ ዕጣቸው ግን ለየቅል ሆኗል።

የሊንዚ ሎሃን ጉዞ

በሕፃንነቷ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የጀመረችው ሎሃን በ1998 «ዘ ፓረንት ትራፕ»፣ በ2004 ደግሞ «ሚን ገርልስ» በተባሉት ፊልሞች በዓለም ታወቀች። ከ2007 በኋላ ግን ስሟ ከፊልም ሥራዋ ይልቅ ከፍርድ ቤት ጉዳዮች ጋር ይነሳ ጀመር። በ2014 ሕይወቷን የሚከታተል የስምንት ክፍል ትርኢት በኦፕራ ዊንፍሬይ ጣቢያ ቀረበ፤ የፊልም ሥራዋን ግን አላነቃቃም። በ2019 በግሪክ ሚኮኖስ ደሴት በከፈተችው የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ላይ የተመሠረተው የኤም ቲቪ ትርኢትም ከአንድ ምዕራፍ አላለፈም።

ተዋናይቷ ከ2010ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዱባይን መኖሪያዋ አድርጋለች። ለምርጫዋ ከሰጠቻቸው ምክንያቶች አንዱ ከተማዋ ፎቶ አንሺዎች የማያሳድዱባት መሆኗ ነው። ወደ ፊልም የመለሳትም ካሜራ የኑሮዋን ጓዳ እንዲያይ መፍቀዷ ሳይሆን በድርሰት የተዘጋጀ ሚና ነበር፦ በኅዳር 2022 በኔትፍሊክስ የቀረበው «ፎሊንግ ፎር ክሪስማስ»። በ2024 ሁለት ፊልሞች ተከትለውታል። በነሐሴ 2025 ደግሞ በ2003 የሠራችው «ፍሪኪ ፍራይደይ» ተከታይ ክፍል «ፍሪኪየር ፍራይደይ» በሲኒማ ቤቶች ታይቷል።

ነዋሪዎች ሊያውቁት የሚገባ

በኤምሬትስ የግል ሕይወት በሕግ የተጠበቀ ነው። ወሬዎችንና የሳይበር ወንጀሎችን ለመከላከል በ2021 የወጣው የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 34 በአንቀጽ 44 ሰውን ያለፈቃዱ ፎቶ ማንሣትን ወይም ምስሉን ማሰራጨትን ይከለክላል። ቅጣቱም ከ6 ወር የማያንስ እስራትና ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም የሚደርስ መቀጮ ወይም ከሁለቱ አንዱ ነው። ስለዚህ በማሪና መተላለፊያ ወይም በሥራ ቦታ ታዋቂ ሰው ያየ ነዋሪ ስልኩን ከማንሣቱ በፊት ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። በዱባይ የሚካሄዱ የፊልምና የቴሌቪዥን ቀረጻዎችም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተመልካች ያገኙት እንደ «ባላገሩ አይዶል» እና «ፋና ላምሮት» ያሉት ውድድሮች ለአዳዲስ ድምፃውያን የተዘጋጁ ናቸው። አንጋፋ ባለሙያዎች የሚቀርቡባቸው በዳኝነት ወንበር ሲሆን፣ በዓመታት ያካበቱት ዕውቀት ወጣቱን ለመመዘንና ለማረም ይውላል።

ከእነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች እንደሚታየው ሪያሊቲ ሾው የተረሳን ስም እንደገና ሊያስነሣ ይችላል። ለተዋናይ ግን መመለስ ማለት ሚና ማግኘት ነው፤ ሚናውም የሚገኘው ትርኢቱ ካበቃ በኋላ የትወና ችሎታውን አምኖ ሥራ የሚሰጠው ሲኖር ነው።