ጥርስ ባዳ ነው፤ የቴሌቪዥን ኮሜዲና የተመልካቹ ፍርድ

አበው «ጥርስ ባዳ ነው» ሲሉ፣ ፊት እየሳቀ ልብ ሌላ ነገር ሊያስብ እንደሚችል መናገራቸው ነው። ይህ አባባል ለቴሌቪዥን ኮሜዲ ታሪክ መልካም መግቢያ ይሆናል። በአንድ ቀልድ አብረው የሳቁ ሰዎች ሁሉ በአንድ ነገር ስቀዋል ማለት አይደለምና። አንዱ በሞኙ ላይ ሲስቅ፣ ጎረቤቱ ከሞኙ ጋር ይስቅ ይሆናል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በእንግሊዝና በአሜሪካ የቆዩ ኮሜዲዎችን አድሶ ማቅረብ በተዘወተረበት ወቅት የተነሣው ክርክርም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የሳቀው ተመልካች ምን ፈረደ? ጥያቄው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ታሪክ መርምሮ ለኪነ ጥበብ ሠራተኛውና ለመምህሩ የሚተወውን ትምህርት ማመልከት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ጉዳዩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1966 እንመለስ። በዚያ ዓመት የእንግሊዙ ቢቢሲ በጠባያቸው የተለያዩ፣ ነገር ግን ሁለቱም የድኻውን ቤት ወደ ቴሌቪዥን መስኮት ያመጡ ሁለት ሥራዎችን አቀረበ። አንደኛው ጄረሚ ሳንድፎርድ ደርሶት ኬን ሎች ያዘጋጀው «ካቲ ካም ሆም»፣ ማለትም «ካቲ ወደ ቤትሽ ነይ» የተሰኘው ድራማ ነው። ቤት ያጡ ወጣት ባልና ሚስት ከመጠለያ ወደ መጠለያ ሲንከራተቱ ቆይተው፣ በመጨረሻ እናቲቱ በባቡር ጣቢያ ልጆቿን በባለሥልጣናት ትነጠቃለች። ኖቬምበር 16 ቀን በቀረበ ጊዜ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመለከተው። የተመልካቹ ፍርድ አንድና ግልጽ ነበር፤ አዘነ፣ ተቆጣ። አስቀድሞ ሲሰናዳ የቆየው ሼልተር የተባለው የቤት አልባዎች ረድኤት ድርጅት ዲሴምበር 1 ቀን ሥራውን ሲጀምር፣ ልቡ የተነካ ሕዝብ ጠበቀው። ሕጉ ግን ዘገየ። ቤት አልባ ቤተሰቦችን የማስጠለል ግዴታ በአካባቢ አስተዳደሮች ላይ የተጣለው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1977 በወጣው አዋጅ ነው።

ሁለተኛው ሥራ «ቲል ዴዝ አስ ዱ ፓርት»፣ በአማርኛ «ሞት እስኪለየን ድረስ» የተባለው ተከታታይ ኮሜዲ ነው። በ1965 አንድ የሙከራ ክፍል ከታየ በኋላ በ1966 በተከታታይ መቅረብ ጀመረ። ደራሲው ጆኒ ስፔይት በምሥራቅ ለንደን ከወደብ ሠራተኛ ቤተሰብ የተወለደ በመሆኑ የሚጽፍለትን ሰፈር ጠንቅቆ ያውቃል። ዋናው ገጸ ባሕርይ አልፍ ጋርኔት በዋፒንግ የወደብ ሰፈር በአረጀ ቤት ውስጥ ከሚስቱ፣ ከሴት ልጁና ሥራ ፈት ከሆነው የግራ ክንፍ አማቹ ጋር ይኖራል። ድኻ ሆኖ ሳለ ለዘውዱና ለወግ አጥባቂው ፓርቲ ጥብቅና ይቆማል፤ የኑሮው ጭንቀት ምክንያት አድርጎ የሚከሰውም ስደተኛውን፣ አይሁዳዊውንና ጥቁሩን ሰው ነው። ስፔይት ይህን ሰው የፈጠረው ድንቁርናን በአደባባይ አቁሞ ለማሳቂያ ሊያደርገው ነበር። አልፍን ሆኖ የተጫወተው ዋረን ሚቸል ራሱ የአይሁድ ተወላጅና ከአልፍ ፖለቲካ በተቃራኒ የቆመ ሰው መሆኑ የምጸቱ ሌላ ገጽ ነው።

የተመልካቹ አስተያየት ግን ደራሲው ባሰበው መንገድ ብቻ አልሄደም። ሜሪ ኋይትሃውስ የመሯቸው የሥነ ምግባር ተከራካሪዎች ስድቡንና በሃይማኖት ላይ የሚነገረውን ቃል በብርቱ ተቃወሙ። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ያልተጠበቀው፣ ብዙ ሰዎች አልፍን የልባቸውን የሚናገርላቸው ጠበቃ አድርገው መውሰዳቸው ነው። ሚቸል በመንገድ ላይ ያገኙት ሰዎች ስደተኞችን ስለ ሰደበላቸው ሲያመሰግኑት፣ የተሰደባችሁስ እናንተ ናችሁ የሚል መልስ ይሰጣቸው እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል።

የእኛን ቅኔ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። ሰምና ወርቅ ያለው ቅኔ ሰሙን ብቻ ለሰማ አንድ ነገር፣ ወርቁን ለፈታ ሌላ ነገር ነው። ምጸትም ከዚሁ ወገን ነው፤ የአልፍ ስድብ ሰም፣ በአልፍ ላይ የተሰነዘረው ትችት ወርቅ ነበር። ነገር ግን በቅኔ ቤት መምህሩ አጠገብ አለ። ተማሪው ቢስት ያርመዋል። የቴሌቪዥን ኮሜዲ ግን ያለ መምህር በየቤቱ ይገባል፤ ሰሙን ይዞ የቀረ ተመልካችም ማንም ሳያርመው ስቆ ይተኛል።

ክርክሩ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ኖርማን ሊር የእንግሊዙን ኮሜዲ መነሻ አድርጎ «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የተባለውን ተከታታይ ሲያዘጋጅ ነው። ኤቢሲ የቴሌቪዥን ድርጅት የ1968 እና የ1969ን ሁለት የሙከራ ቅጂዎች አሠርቶ ሳይቀበላቸው ቀረ። በመጨረሻ ሲቢኤስ ጃንዋሪ 12 ቀን 1971 ማቅረብ ጀመረ። ድርጅቱ ሥጋት ስለነበረበት፣ የዝግጅቱ ዓላማ በድክመታችንና በጭፍን ጥላቻችን ላይ መሳቅ ነው የሚል ማሳሰቢያ በመግቢያው ላይ አስነበበ። በካሮል ኦኮነር የተተወነው የኒው ዮርኩ አርቺ በንከር ከአልፍ ይልቅ ለስለስ ያለ ሰው ነበር። ዝግጅቱ ከ1971 እስከ 1976 ለ5 ተከታታይ የስርጭት ዘመናት በተመልካች ብዛት አንደኛ ሆነ።

በሴፕቴምበር 1971 ደራሲዋ ላውራ ሆብሰን በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ጠንካራ ነቀፌታ አቀረበች። ሆብሰን በ1947 ስለ ጸረ አይሁድ ጥላቻ የታወቀ ልብ ወለድ ያሳተመች ናት። የነቀፌታዋ ፍሬ ነገር፣ ኮሜዲው አስከፊዎቹን ቃላት ትቶ ለዘብተኞቹን በመምረጡ ጥላቻን አጥቦ ተወዳጅ አድርጎታል የሚል ነበር። ሊር በዚያው ጋዜጣ መልስ ሰጠ፤ ጭፍን ጥላቻ ያለው ሰው ሁልጊዜ አውሬ ሳይሆን በቤታችን ያለ፣ የምንወደውም ዘመድ ሊሆን እንደሚችል ተከራከረ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ሁለቱም ግን ስለ ተመልካቹ የሚናገሩት በግምት ነበር።

ግምቱን በጥናት የፈተኑት ኒል ቪድማርና ሚልተን ሮኪች የተባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። በ1974 ባሳተሙት ጥናት 237 አሜሪካውያን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንና 130 ካናዳውያን አዋቂዎችን ጠየቁ። ጭፍን ጥላቻ የበዛበትም ያነሰበትም ወገን ዝግጅቱን ወድዶታል፤ ሁለቱም ስቀዋል። ልዩነቱ የታየው በፍርዱ ላይ ነው። ጥላቻ የበዛባቸው ተመልካቾች ከሌሎቹ ይልቅ አርቺን ሲያደንቁና በክርክሩ መጨረሻ አሸናፊው እርሱ እንደሆነ ሲያዩ ተገኙ። ጥርስ ባዳ ነው የተባለው እዚህ ላይ በቁጥር ተረጋገጠ።

ይህን የመሰለ አስተያየት ለኪነ ጥበብ ሰው ሁለት መንገድ ይከፍትለታል፤ ወይ ሥራውን ማቆም፣ ወይ ሥራውን ማሻሻል። በአሜሪካው ኮሜዲ ውስጥ ለመፍትሔው በር የከፈተ አንድ ነገር ገና ከመጀመሪያው ነበር። በ1960ዎቹ በአልፍ ጋርኔት ቤት ውስጥ፣ እርሱ የሚሰድባቸው ስደተኞች መልስ የሚሰጥላቸው ቋሚ ገጸ ባሕርይ አልነበራቸውም። የአርቺ ጎረቤቶች ግን ጀፈርሰን የተባሉ ጥቁር ቤተሰብ ነበሩ። አፍ ነበራቸው፤ ይመልሱ፣ ይቀልዱ፣ ይቆጡም ነበር። የቤቱ አባወራ ጆርጅ ጀፈርሰንም በተራው የራሱ ጭፍንነት ያለበት፣ ሙሉ ሰው ነበር። በ1975 ይህ ቤተሰብ የራሱን ተከታታይ ኮሜዲ አገኘና እስከ 1985 ዘለቀ። ስለዚህ ለሆብሰን ጥያቄ ከጋዜጣው መልስ የበለጠው መልስ ሲቀለድበት የኖረው ወገን የመድረኩ ባለቤት መሆኑ ነው።

የቆየውን ኮሜዲ ዛሬ ማደስ ሲነሣ ይህ ታሪክ ሁሉ አብሮ ይነሣል። ቢቢሲ በ2016 ቴፖቻቸው ከጠፉ ጥንታውያን ኮሜዲዎች መካከል ሦስት ክፍሎችን መርጦ፣ በተረፈው ጽሑፍ መሠረት በአዲስ ተዋንያን ተመልካች በተገኘበት አሠራ፤ ከሦስቱ አንዱ የአልፍ ጋርኔት ነበር። በሜይ 2019 ደግሞ፣ ከ50 ዓመት በፊት የአርቺን ሙከራ ያልተቀበለው ኤቢሲ ራሱ፣ የሊርን ሁለት ኮሜዲዎች አንዳንድ ክፍል በቀጥታ ስርጭት አቀረበ። ዉዲ ሃረልሰን አርቺን፣ ጄሚ ፎክስ ጆርጅ ጀፈርሰንን ሆነው ሲጫወቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተመለከተ። በ1975 በግልጽ የተሰማ አንድ የዘር ስድብ ግን በዚህ ጊዜ በድምፅ ተሸፈነ። ሊር እስከ ዲሴምበር 2023 በሕይወት ቆይቶ በ101 ዓመቱ ሲያርፍ፣ የቀሰቀሰው ክርክር ገና አላረፈም ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለ። ከ1988 እስከ 1997 የሠርቶ አደር ቤተሰብን ኑሮ ያሳየው «ሮዝአን» በማርች 2018 ሲመለስ የመጀመሪያውን ምሽት ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ ዋና ተዋናይዋ ሮዝአን ባር በማኅበራዊ መገናኛ ላይ የጻፈችው ዘረኛ ቃል ዝግጅቱን አዘጋው። ሚቸልን ከአልፍ የለየው ርቀት እዚህ ጠበበ፤ ምጸቱም የሚቆምበትን መሬት አጣ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው የ«ፎልቲ ታወርስ» ታሪክ ነው። በጁን 2020 የ1975 አንድ ክፍል፣ አንድ ሽማግሌ መኮንን በሚናገረው የዘር ስድብ ምክንያት ከአንድ የቪዲዮ አገልግሎት ላይ ተነሥቶ፣ ብዙም ሳይቆይ ከማሳሰቢያ ጋር ተመለሰ። ከደራሲዎቹ አንዱ ጆን ክሊስ ቀልዱ የተሰነዘረው በሽማግሌው ላይ እንጂ በተሰደቡት ላይ አይደለም ብሎ አጥብቆ ተከራከረ። ነገር ግን በ2024 ይህንኑ ሥራ ለለንደን መድረክ ሲያዘጋጀው፣ ምጸትን ቃል በቃል የሚወስድ ተመልካች አለና ስድቦቹን ራሱ አስወገዳቸው። በሽሙጥ ጥበቡ የተመሰገነ ደራሲ ሰሙን ብቻ የሚሰማ ተመልካች መኖሩን በዚህ አመነ።

በአንጻሩ የድራማው መንገድ ቀጥ ያለ ሆኖ ቀጥሏል። ከጃንዋሪ 1 እስከ 4 ቀን 2024 የእንግሊዙ አይቲቪ፣ ሆራይዘን በተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት ስሕተት ሳቢያ በሌብነትና በማጭበርበር ስለ ተፈረደባቸው የፖስታ ቤት ወኪሎች የሚተርከውን «ሚስተር ቤትስ ቨርሰስ ዘ ፖስት ኦፊስ» አቀረበ። ከ1999 እስከ 2015 ከ900 በላይ ሰዎች ተፈርዶባቸው ነበር። ጉዳዩ ስውር አልነበረም፤ ጋዜጠኞች ከ2009 ጀምሮ ጽፈውበታል፣ ፍርድ ቤትም በ2019 የሥርዓቱን ጉድለት አረጋግጧል። ሆኖም መረጃው ያላንቀሳቀሰውን ሕዝብ የ4 ሌሊት ድራማ አንቀሳቀሰው። በሜይ 2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በጅምላ የሚሽር ሕግ አወጣ። በካቲ ጊዜ 11 ዓመት የፈጀው መንገድ በ5 ወር ተጓዘ።

እንግዲህ ድራማ የተመልካቹን ልብ ወደ አንድ ሲሰበስብ፣ ኮሜዲ ልቡ ቀድሞ የቆመበትን ስፍራ ይገልጣል። ስለዚህ የቆየ ኮሜዲን የሚያድስ አዘጋጅ «ያስቃል ወይ?» በሚለው ጥያቄ ብቻ ሊረካ አይገባውም፤ አርቺም አልፍም ሁሉንም አስቀዋል። መጠየቅ ያለበት የሚሳቅበት ማን እንደሆነ፣ የተቀለደበትም ወገን በዚያው መድረክ ላይ አፍ እንዳለው ነው። መምህሩም እንዲህ ያለውን ሥራ ለተማሪዎቹ ሲያሳይ፣ ሳቁ እንዳበቃ መብራቱን አብርቶ «ማን አሸነፈ?» ብሎ ይጠይቅ። ከተማሪዎቹ የሚሰማው መልስ፣ ከሳቁ ይልቅ የሥራውን እውነተኛ ፍሬ ይነግረዋል።