ጨርጨርን አልፈው የሄዱት ወፍ ፈላጊዎች

ለወፎቿ ሲል ኢትዮጵያን የሚጎበኝ የውጭ ሰው የጉዞ ዕቅድ ሲያወጣ መንገዱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ደብረ ሊባኖስና የጀማ ሸለቆ፣ አዋሽ፣ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች፣ ባሌ፣ ነጌሌ ቦረና፣ ያቤሎ። አዋሽ ላይ አንድ ሁለት ሌሊት ያድርና ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። ከአዋሽ በስተ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ጭሮ፣ የቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ከነጨርጨር ተራሮቿ በዕቅዱ ውስጥ የለችም። ለዚህ ምክንያቱ የወፍ ማነስ አይደለም። ምክንያቱ መንገድ ነው።

እስከ 1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1887) ድረስ ከባሕር ወደ ሸዋ የሚገባ ነጋዴም ሆነ ተመራማሪ የሚጓዘው በአፋር በረሃ ነበር። በ1876 እ.ኤ.አ. ከዘይላ ተነስቶ የመጣው ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ከአፄ ምኒልክ (ያኔ ንጉሥ) መሬት ተሰጥቶት፣ በ1882 እስኪሞት ድረስ ወፍና አውሬ ሲሰበስብ ኖሯል። የጨርጨር ደጋ ግን ለእንዲህ ያለው ሰው ዝግ ነበር። በጥር 1887 በጨለንቆ ጦርነት ማግስት ሐረር በምኒልክ እጅ ስትገባ የደጋው መንገድ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ገጣሚነቱን ትቶ ነጋዴ የሆነው አርቱር ራምቦና የአገሩ ልጅ ዡል ቦሬሊ ከእንጦጦ ወደ ሐረር በዚሁ ተጓዙ። ራምቦ ወፍ ፈላጊ አልነበረም፤ የሸጠውን መሣሪያ ሒሳብ ሊያወራርድ ነበር የሚሄደው። ሆኖም በመንገድ ማስታወሻው ሂርና አካባቢ ያለውን ሸለቆ በደን ጥላ ሥር እንዳቋረጠ፣ የቡና ዛፍም እንዳየ መዝግቧል። ዛሬ በዚያው መንገድ በመኪና የሚያልፍ ሰው በብዛት የሚያየው የጫት ማሳ ነው።

ወፍ ብለው የመጡት ዘግይተው ደረሱ፤ የመጡትም ጠመንጃ ይዘው ነው። የዚያን ጊዜ የወፍ ጉዞ ዕቅድ ማለት ግመል መከራየት፣ ደቃቅ ጥይት መሸመት፣ የተገፈፈ ቆዳ በነፍሳት እንዳይበላ አርሴኒክ ያለበት ሳሙና መያዝና ቆዳ ገፋፊ መቅጠር ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 ከበርበራ ሲነሳ ይህን ሁሉ አሟልቶ ነው። ከሰበሰባቸው አንዱ በለንደን ሙዚየም የነበረው ቦውድለር ሻርፕ በ1895 በስሙ የሰየመለት ቱራኮ ነው። ይህ ወፍ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ባለው ደጋ፣ እስከ ሐረር ተራሮች ድረስ ይገኛል። ሰውነቱ አረንጓዴ ነው፤ ጉንጩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ የጉትያው ጫፍ ከምዕራቦቹ ዘመዶቹ በተለየ ቀላ ይላል። ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ ከቅጠሉ አይለይም። ሲበርር ግን ክንፉ ደማቅ ቀይ ይሆናል፤ ቀለሙም መዳብ ያለበት ነው። ቀጥሎ በ1898 እና 1899 ብሪታንያውያኑ ዌልድ ብላንዴልና ሎርድ ሎቫት ከፈንታሌ ተራራ አንዲት ጥቁር ግራጫ የዐለት ወፍ ወሰዱ። ከእነርሱ ጋር የነበረው ቆዳ ገፋፊ ሃርዉድም ስሙ ለአንዲት ቆቅ ተሰጥቶለታል፤ የሚገባው ነበር፤ በቢላዋ የደከመው እሱ ነውና።

ከዚያ ባቡር መጣ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ቀጣዩ ጥያቄ ወደ አዋሽ በየት ይሂድ ነበር። ቅፍለት ውኃና ሣር ፍለጋ ደጋውን ይመርጣል፤ ባቡር ግን ሜዳ ይፈልጋል። ስለዚህ መስመሩ በአፍደም፣ በሚኤሶና በአሰቦት ቆላውን ይዞ አለፈ፤ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የጨርጨር ደጋ ከመንገደኛው ዐይን የወጣው ያን ጊዜ ነው።

ይህን ለማካካስ የሞከረ ሰው ነበር። ሩሲያ የተማሩት፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲገዙ አውራጃውን ለሌላው አርአያ ሊያደርጉ ተነሱ፤ በልዑል አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ስም የተሰየመችውን አሰበ ተፈሪንም ቆረቆሩ። ከተማዋ ከሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ብዙ አትርቅም። ወፍ ፈላጊው ግን ከባቡር ወርዶ ዳገቱን አልወጣም።

አዲስ አበባ የተወለደው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ጥሩ ምሳሌ ነው። የአዋሽ ወንዝ የት እንደሚሰምጥ ሊያይ፣ ለብሪታንያ ሙዚየምም ወፍ ሊሰበስብ በታኅሣሥ 1933 እ.ኤ.አ. ከአዋሽ ጣቢያ ተነሳ። መንግሥት ለደኅንነቱ ሰግቶ አስመለሰው፤ በየካቲት 1934 ግን ከአፍደም ጣቢያ እንደገና ጀምሮ አብሄ ሐይቅ ደረሰ። ከዚያ ጉዞ ከአውሳ የመጣች የዐለት ወፍ ንዑስ ዝርያ በእሱና በጽሑፍ አጋሩ በሜይኔል ስም ተመዘገበች። ጣቢያዎቹ ከጨርጨር ግርጌ ቢሆኑም ዝናው የአፋር በረሃ ሆነ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጠመንጃው በመነጽር ተተካ። በ1966 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተመሠረተ፤ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክም በዚያው ዓመት ተቋቋመ። በ1971 ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን የአገሪቱን ወፎች ዝርዝር አሳተሙ። ጆን አሽና ጆን አትኪንስ በ2009 ያወጡት አትላስ ደግሞ የትኛው ወፍ የት እንደታየ በካርታ አሳየ። ፓርክና ማደሪያ ያለበት ቦታ የተጓዡ ማረፊያ ሆነ፤ ጭሮ አሁንም መተላለፊያ ነች።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ወፍን ከማንም በላይ ያወቀው የሚኤሶ ገበሬ ነው። ማሽላው ሲያሽት የግሪሳ መንጋ ይወርዳል። አንዷ ግሪሳ 20 ግራም ገደማ ብቻ ትመዝናለች፤ መንጋው ግን ማሳ ያራግፋል። ልጆች ጎሕ ሲቀድ ማማ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፍ እያጮሁና እየጮሁ፣ እስኪመሽ ይጠብቃሉ። መንጋው ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚያድር፣ በስንት ሰዓት ውኃ እንደሚወርድ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። የወፍ ታሪክ ሲጻፍ ይህ ዕውቀት መዘለሉ ትልቅ ጉድለት ነው።

የደጋው ደን ራሱ እየመነመነ ነው። ከቁኒ በላይ ለደጋ አጋዘን ሲባል በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተከለለው የቁኒ ሙክታር መጠለያ በእርሻና በአደን ተጎድቷል። በአሰቦት ተራራ ላይ ያለው የደብረ ወገግ ገዳም ደን በመነኮሳቱ ጥበቃ ለዘመናት ቢቆይም በ2004 ዓ.ም. በደረሰ ቃጠሎ ብዙ ዛፍ አጥቷል። ጽድና ወይራው ሲያልቅ ቱራኮውም መጠጊያ ያጣል።

ስለዚህ የወፍ ጉዞ የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ከአዋሽ ወደ ደቡብ ከመታጠፋችሁ በፊት ለጭሮ ሁለት ሌሊት መድቡ። ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ዝናቡ ያባራል፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚፈልሱት ወፎችም አገር ውስጥ ናቸው። የመንገዱን ጸጥታ አስቀድማችሁ ከአካባቢው ሰው አጣሩ። ማማ ላይ ያደገ የሚኤሶ ወጣት መሪ አድርጋችሁ ቅጠሩ፤ ያያችሁትንም መዝግባችሁ ለተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ላኩ።